የተቀዳው ኮምፒውተር፦ አንድነቱና ባለቤትነቱ

ዜድ ኤክስ ስፔክትረም የተባለው የቤት ኮምፒውተር ሲንክሌር ሪሰርች በተባለ የኬምብሪጅ ኩባንያ ተሠርቶ በኤፕሪል 1982 በእንግሊዝ አገር ለገበያ ቀረበ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። 16 ኪሎባይት ማኅደረ ትውስታ ያለው 125 ፓውንድ፣ 48 ኪሎባይት ያለው ደግሞ 175 ፓውንድ ይሸጥ ነበር። በስፋቱ ከአንድ ደብተር የማይበልጥ ጥቁር ሣጥን ሲሆን ቁልፎቹ የጎማ ናቸው፤ ስክሪኑ የቤት ቴሌቪዥን፣ የፕሮግራም ማስቀመጫውም ተራ የሙዚቃ ካሴት ነበር። በርካሽነቱ ምክንያት ብዙ የእንግሊዝ ልጆች ፕሮግራም መጻፍን የተማሩት በዚህ ማሽን ነው፤ በይፋ የተሸጠውም ከአምስት ሚሊዮን ይበልጣል።

ከተቀዱት የቤት ኮምፒውተሮችም መካከል ስፔክትረም በግንባር ቀደምነት ይጠራል። በብራዚል ማይክሮዲጂታል የተባለው ድርጅት በ1985 ቲኬ 90 ኤክስ ብሎ አወጣው። በሩማንያ ኤችሲ 85፣ በቼኮስሎቫኪያዋ የስካሊካ ከተማ ደግሞ ዲዳክቲክ ጋማ ተባለ። በሶቭየት ኅብረት ነገሩ ከዚህም ሰፋ። ከመጀመሪያዎቹ ቅጂዎች አንዱ በሊቪቭ ከተማ ተሠራ፤ ሰርጌይ ዞኖቭ የተባለው መሐንዲስ በ1980ዎቹ መጨረሻ የነደፈው ሌኒንግራድ በየፋብሪካውና በየቤቱ ተባዛ፤ በ1989 ደግሞ ፔንታጎን የተባለው ተከተለ።

አንድ ማሽን ያለ ሠሪው ፈቃድና ያለ ሠሪው ዕቃ እንደገና ሲሠራ፣ የተሠራው ምንድን ነው? ያው ማሽን ነው፣ የማሽኑ ምስል ነው፣ ወይስ ከሁለቱም የተለየ ሌላ ነገር? ከዚህ ጋር ተጣምሮ የሚመጣ ሁለተኛ ጥያቄም አለ፤ ቅጂው የማን ነው? ሁለቱ ጥያቄዎች አንድ ላይ ቢነሡም መልሳቸው አንድ አይደለም። «ያው ማሽን ስለሆነ ስርቆት ነው» የሚለውም ሆነ «በራስ እጅ ስለተሠራ የራስ ነው» የሚለው የአንደኛውን መልስ ለሌላው ይሰጣል። የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ምንነት ነው፤ ሁለተኛው ስለ ፍትሕ ነው። ለመለየትም ቅጂው እንዴት እንደተሠራ ቀርቦ ማየት ያስፈልጋል።

የስፔክትረም ሣጥን ሲከፈት ዋና ዋናዎቹ ነገሮች አራት ናቸው። የመጀመሪያው ዜድ 80 የተባለው ማይክሮፕሮሰሰር ነው፤ ይህን የአሜሪካው ዚሎግ በ1976 ነው ያወጣው። ቺፑ ራሱ ከቀዳሚው ጋር እንዲስማማ ታስቦ የተሠራ ነው፤ ለኢንቴል 8080 የተጻፈ ፕሮግራም በእርሱ ላይ ይሠራል። ምሥራቅ ጀርመን በተራዋ ዜድ 80ን ያለ ፈቃድ ቀድታ ዩ 880 ብላ አመረተችው፤ በሶቭየት ቅጂዎች ውስጥም ይህ የጀርመን ቺፕ በብዛት ይገኛል። ሁለተኛው የማኅደረ ትውስታው ቺፕ ነው፤ ይህ በየአገሩ የሚመረት ነበር። እዚህ ላይ ስለ ዋናው ማሽን ሊታወቅ የሚገባ ነገር አለ። ሲንክሌር ወጪ ለመቀነስ ሲል ለላይኛው 32 ኪሎባይት የተጠቀመው ግማሽ ጎናቸው ተበላሽቶ በርካሽ የተሸጡ ባለ 64 ኪሎቢት ቺፖችን ነበር፤ ደህናው ግማሽ ብቻ እንዲሠራ አድርጎ አሰናዳቸው። ዋናው ማሽን እንከን የለሽ ነው፣ እንከን የሚመጣው ከቅጂው ነው ብሎ ማሰብ ከመጀመሪያው አያስኬድም።

ሦስተኛው ዩኤልኤ የሚባለው ቺፕ ነው፤ ዋናው መሰናክልም እርሱ ነበር። ፌራንቲ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ለሲንክሌር የሠራው ስለሆነ ከመደብር አይገዛም፤ የውስጡ ንድፍም አልታተመም። የቴሌቪዥኑን ምስል የሚያወጣው፣ የቁልፍ ሰሌዳውን የሚያነበው፣ የካሴቱን ድምፅ የሚቀበለውና የማሽኑን የጊዜ ምት የሚያዘጋጀው እርሱ ነው። ቅጂ ሠሪው ይህን ሁሉ ከውጭ ሆኖ፣ በየእግሩ የሚገባውንና የሚወጣውን ምልክት እየለካ መረዳት ነበረበት። ምስሉ በወርድ 256፣ በቁመት 192 ነጥብ አለው፤ ለነጥቦቹ 6,144 ባይት፣ ለቀለማቸው 768 ባይት ተመድቧል። በቁመትም በወርድም ስምንት ስምንት ነጥብ ባለው በእያንዳንዱ ሳጥን ውስጥ ከሁለት ቀለም በላይ መኖር አይችልም። መስመሮቹም በማኅደረ ትውስታው ውስጥ ከላይ ወደ ታች በተርታ አልተቀመጡም፤ የመጀመሪያው መስመር ካለቀ በኋላ የሚመጣው ሁለተኛው ሳይሆን ዘጠነኛው ነው። ይህን ሁሉ ደርሰውበት፣ ዩኤልኤ የሚሠራውን ሥራ በገበያ በሚገኙ ተራ የሎጂክ ቺፖች መልሰው ገነቡት። በሌኒንግራድ ቦርድ ላይ በካውያና በስታኞ የተበየዱት ደርዘን ደርዘን ትንንሽ ቺፖች አብዛኞቹ የዚያ የአንዱ የእንግሊዝ ቺፕ ምትኮች ናቸው።

አራተኛው ሮም የሚባለው ቋሚ ማኅደረ ትውስታ ነው። በውስጡ ያለው የቤዚክ ቋንቋና ማሽኑን የሚያስተዳድረው ፕሮግራም በ16 ኪሎባይት ይጠቃለላል፤ ናይን ታይልስ በተባለ ድርጅት ይሠራ የነበረው ስቲቭ ቪከርስ ነው የጻፈው። በዚህ ላይ የመረዳት ድካም አያስፈልግም ነበር። 16,384ቱ ባይቶች ከዋናው ተነብበው ባዶ ቺፕ ላይ አንድ በአንድ ተጻፉ።

በአንዱ ቅጂ ውስጥ ስለዚህ ሁለት ዓይነት መቅዳት አለ። አንደኛው ሌላው ሰው የሠራውን ሥራ ተረድቶ በራስ መንገድ መሥራት ነው። ሁለተኛው ሌላው ሰው የጻፈውን ቃል በቃል ማባዛት ነው። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ክርክር ሁሉ በዚህ ልዩነት ላይ ይቆማል።

የምንነቱን ጥያቄ ለመመርመር ጥንታዊው መነሻ ፕላቶ «ሪፐብሊክ» በተባለው መጽሐፉ ዐሥረኛ ክፍል ላይ ያቀረበው የአልጋ ምሳሌ ነው። ሦስት አልጋዎች አሉ ይላል፤ አምላክ የፈጠረው የአልጋ እውነተኛ ምንነት፣ ያንን እያሰበ አናጺው የሚሠራው አልጋ፣ የአናጺውን አልጋ አይቶ ሠዓሊው የሚሥለው አልጋ። ሠዓሊው ከእውነት በሦስተኛ ደረጃ ርቆ ይቆማል፤ የሚቀዳው ነገሩን ሳይሆን የነገሩን መልክ ነውና። ቅጂ ሠሪው ከሁለቱ የትኛው ነው? ብዙ ሰው ቶሎ ብሎ «ሠዓሊው ነው» ይላል፤ ቅጂ የሚለው ቃል ራሱ ወደዚያ ይገፋፋል። ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። የሌኒንግራድ ማሽን በመልኩ ስፔክትረምን አይመስልም፤ ሣጥኑ ባለቤቱ ከቆርቆሮ ወይም ከእንጨት ያበጀው ሊሆን ይችላል፤ ቁልፎቹም ከሌላ መሣሪያ የተነቀሉ ይሆናሉ። የቀዳው መልኩን ሳይሆን ሥራውን ነው። ዓይኑን ያሳረፈው አናጺው በሚያየው ላይ ነው፤ ምን ማድረግ እንዳለበት ተረድቶ ያንን የሚያደርግ ነገር ሠርቷል። ጥቁር ሣጥንና የጎማ ቁልፍ ያለው፣ ውስጡ ግን ባዶ የሆነ ነገር ቢሠራ ኖሮ የሠዓሊው ሥራ እርሱ በሆነ ነበር።

አርስቶትል ቁስንና ቅርጽን ሲለይ ያቀረበው ሐሳብ ይህን ያጠናክራል። የአንድ መሣሪያ ምንነት ከምን እንደተሠራ ሳይሆን ለምን እንደተሠራና ያንንም እንዴት እንደሚያደርግ ነው። የጀርመን ቺፕ፣ የሶቭየት ትራንዚስተርና የእንጨት ሣጥን የቁሱ ለውጥ ናቸው። በኬምብሪጅ የተጻፈ ፕሮግራም ከካሴት ሲጫን በስክሪኑ ጠርዝ ላይ መጀመሪያ ቀይና ውሃ ሰማያዊ፣ ከዚያ ሰማያዊና ቢጫ መስመሮች ከተራወጡ በኋላ ጨዋታው ከጀመረ፣ ያ ፕሮግራም ያገኘው ማሽን ስፔክትረም ነው። ስለ ሣጥኑ የሚጠይቀው ሰው ነው፤ ፕሮግራሙ አይጠይቅም።

ቶማስ ሆብስ በ1655 ባወጣው «ዴ ኮርፖሬ» የተባለ መጽሐፍ ስለ ቴሴየስ መርከብ ያነሣው ጥያቄ እዚህ ላይ ይጠቅማል። የመርከቧ ሳንቃዎች አንድ በአንድ ተነሥተው በአዲስ ቢተኩ፣ አሮጌዎቹንም አንድ ሰው ሰብስቦ በቀድሞው ሥርዓት ቢያቆማቸው፣ ከሁለቱ የትኛዋ የቴሴየስ መርከብ ናት? ጥያቄው የሚያስጨንቀው የቴሴየስ መርከብ አንዲት በመሆኗ ነው። ስፔክትረም ግን ከመጀመሪያውም አንድ አልነበረም። ከፋብሪካ የወጡት ሚሊዮኖች ሁሉ እኩል ስፔክትረም ናቸው፤ የመጀመሪያው ተሠርቶ የወጣው ከሚሊዮንኛው በምንም አይበልጥም። ፈላስፋው ኔልሰን ጉድማን በ1968 ባሳተመው ስለ ሥነ ጥበብ ቋንቋዎች በሚያትት መጽሐፉ እንደለየው፣ የሥዕል ቅጂ ሐሰተኛ ሊሆን ይችላል፤ በፊደል የተጻፈ ድርሰት ግን በትክክል እስከተገለበጠ ድረስ ሐሰተኛ ቅጂ የሚባል የለውም። ዳዊት በብራና ቢጻፍም በወረቀት ቢታተምም ዳዊት ነው። ኮምፒውተር ከሥዕል ይልቅ ወደ መጽሐፍ ይቀርባል፤ ማንነቱ በንድፉና በሥራው እንጂ በሠሪው እጅ አሻራ አይደለም። በዚህ መለኪያ ሌኒንግራድ የስፔክትረም ምስል ሊባል አይችልም፤ ከስፔክትረሞች አንዱ ነው።

ይህ መልስ ትክክል ነው፤ ግን «በትክክል እስከተገለበጠ ድረስ» የሚለው ሁኔታ ተንጠልጥሎ ቀርቷል። ዋናው ስፔክትረም አንዱን የቴሌቪዥን ምስል ጨርሶ ወደ ቀጣዩ እስኪሻገር ድረስ 69,888 የጊዜ ምቶች ያልፋሉ፤ በሴኮንድ 50 ምስል ያህል መሆኑ ነው። በፔንታጎን ላይ የምቶቹ ቁጥር 71,680 ነው፤ በሴኮንድ 49 ምስል ያህል ይወጣል። ሌላም ልዩነት አለ። በዋናው ማሽን ዩኤልኤ ምስሉን ለማንበብ የታችኛውን 16 ኪሎባይት ሲጠቀም ማይክሮፕሮሰሰሩ ያንኑ ከፈለገ ቆም ብሎ ይጠብቃል። ፔንታጎን ላይ ግን የሁለቱ ተራ አስቀድሞ ስለተደለደለ መጠበቅ የለም።

ቤዚክ ለሚማር ልጅ እነዚህ ልዩነቶች የሉም ማለት ይቻላል። የቴሌቪዥኑ ጨረር በስክሪኑ ላይ ሲጓዝ እያንዳንዱን ምት ቆጥሮ በመካከሉ ቀለም ለሚለዋውጥ ፕሮግራም ግን ሁሉም ነገር እነርሱ ናቸው። በ1990ዎቹ ሩሲያ ውስጥ የተጻፉ የምስልና የሙዚቃ ማሳያ ፕሮግራሞች ብዙዎቹ ለፔንታጎን ተቆጥረው የተሠሩ ናቸው፤ በዋናው ስፔክትረም ላይ ሲጫኑ ቀለሙ ከቦታው ይንሸራተታል፣ ምስሉ ይቆራረጣል። እነዚያን ሥራዎች በትክክል ማሳየት ያቃተው ዋናው ማሽን ነው ማለት ነው።

ከዚህ የሚወጣው ድምዳሜ አንድነት እንደ ሰው ፍላጎት ይለዋወጣል ማለት አይደለም። «ያው ነው» የሚለው ንግግር ሙሉ ትርጉም የሚያገኘው «በምን ረገድ?» የሚለው ሲመለስ ነው፤ ያም መልስ እንደ ተመልካቹ ስሜት አይለዋወጥም። ረገዱን የሚወስነው በማሽኑ ላይ ተመሥርቶ የተሠራው ሥራ ነው። ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው የተማመነበት ነገር ሁሉ የማሽኑ ምንነት ክፍል ይሆናል። በ1982 ማንም ያልተማመነበት የምት ቁጥር በ1990ዎቹ የሥራ መሠረት ሆነ፤ በዚያን ጊዜ ፔንታጎን ቅጂ መሆኑን ሳይተው የራሱ የሆነ ምንነት አገኘ። ሠሪዎቹ አዲስ ማሽን ለመፍጠር ተነሥተው አልነበረም። ቀለል አድርገው ሊቀዱ ሲሉ የተውትና የለወጡት ነገር፣ ሌሎች ሰዎች ሥራቸውን ሲገነቡበት ጊዜ አዲስ ማንነት ሆነ። ይህ በመቅዳት ታሪክ ውስጥ ከሁሉ የሚያስደንቀው ነገር ነው፤ ለቅጂ ሠሪዎቹም ሊሰጣቸው የሚገባውን ክብር ያመጣው ይኸው ነው።

የሮሙ ጉዳይ ግን ወደ ሌላ አቅጣጫ ይወስዳል። በዚያ ውስጥ ያሉት ስሕተቶች ሳይቀሩ ተቀድተዋልና። በስፔክትረም ላይ የ65,536 አሉታዊ ቁጥር ሙሉ ክፍሉ ምን እንደሆነ ቢጠየቅ የሚመልሰው አሉታዊ አንድ ነው፤ ትክክለኛው መልስ ቁጥሩ ራሱ ነበር። ሥራን በአስቸኳይ ለማቋረጥ የሚያገለግለው ምልክት ሲመጣም፣ «ዜሮ ከሆነ» ተብሎ ሊጻፍ የሚገባው ትእዛዝ «ዜሮ ካልሆነ» ተብሎ ስለተጻፈ መንገዱ ከጥቅም ውጭ ሆኗል። ሮሙ ሳይነካ በተቀዳበት ማሽን ሁሉ ሁለቱም ስሕተቶች በዚያው ቦታ ይገኛሉ። የብራና ጽሑፎችን ዘር የሚመረምሩ ሊቃውንት የሚከተሉት ሕግ አለ፤ ሁለት መጻሕፍት ትክክለኛውን ንባብ ቢጋሩ ምንም አያስረዳም፣ አንድን ስሕተት ቢጋሩ ግን ከአንድ ምንጭ መቀዳታቸውን ያስረዳል። እውነትን ሁለት ሰዎች ለየብቻ ሊደርሱበት ይችላሉ፤ የቪከርስን ስሕተት ግን ከቪከርስ በቀር ማግኛ የለም። የሎጂክ ቺፖቹ የሠሪውን መረዳት ይመሰክራሉ፤ ሮሙ የሌላውን ሰው እጅ ይመሰክራል።

ምስክርነቱ በግልጽ የሚታይበት ቦታም አለ። ስፔክትረም ሲበራ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ቆይቶ ይነጣል፤ ከታች በኩል መብቱ የሲንክሌር ሪሰርች መሆኑን ከ1982 ዓመት ጋር የሚገልጽ አንድ መስመር ይወጣል። ከሌኒንግራድ ዓይነት ማሽኖች ብዙዎቹ፣ ኬምብሪጅን ሳያዩ፣ በተከፈቱ ቁጥር ያንኑ መስመር ያሳያሉ። በሌሎች ቅጂዎች ላይ መስመሩ ተፍቆ የቅጂ ሠሪው ስም ገብቷል። ከሁለቱ የትኛው እውነት ይናገራል?

ስለ ምስልና ስለ ባለምስሉ ግንኙነት በክርስትና አስተምህሮ ውስጥ ጥልቅ ትምህርት አለ። ቅዱስ ባስልዮስ ስለ መንፈስ ቅዱስ በጻፈው መጽሐፍ ለምስል የሚሰጥ ክብር ወደ ባለምስሉ እንደሚያልፍ አስተማረ፤ ይህን የተናገረው ወልድ የአብ አምሳል ስለ መሆኑ ነበር። በስምንተኛው መቶ ዓመት ሥዕላትን ማክበር አከራካሪ ሲሆን ዮሐንስ ዘደማስቆ በዚሁ ቃል ላይ ቆሞ ተከራከረ፤ በባሕርይ አምሳል የሆነውንም በሥራ ከተሠራው አምሳል ለይቶ አስረዳ። ይህን ምሥጢር ወደ ዕቃ ማውረድ አይገባም፤ ለዚህ ጉዳይ የሚጠቅመው አንድ ነገር ብቻ ነው። በእጅ የተሠራ ሥዕል ባለሥዕሉን አይተካም፤ ወደ እርሱ ይጠቁማል፤ ክብሩም ከመጠቆሙ የተነሣ ነው። የተቀዳ ኮምፒውተር ግን ይተካል፤ የዋናውን ሥራ ስለሚሠራ ዋናውን ማስታወስ አያስፈልገውም። ለዚህ ነው የምንጩን ስም መጠበቅ ለሥዕል ከሚያስፈልገው ይልቅ ለማሽን የሚያስፈልገው፤ ሥዕል በባሕርዩ የሚያደርገውን ማሽኑ የሚያደርገው ሠሪው ካደረገለት ብቻ ነው። በሌኒንግራድ ስክሪን ላይ የቀረው የእንግሊዝ ስም ምናልባት ማንም አስቦበት አልተወውም፤ ቢሆንም ሮሙን በተመለከተ የተናገረው እውነት ነው። ስሙ የተፋቀበት ማሽን የሌላውን ሰው ቃል በራሱ አፍ የራሱ አስመስሎ ይናገራል።

ወደ ፍትሕ ጥያቄ የሚያሻግረው ኢማኑኤል ካንት ነው። በ1785 ያለ ፈቃድ መጽሐፍ ስለ ማተም በጻፈው አጭር ድርሰት መጽሐፍ ሁለት ነገር ነው አለ። በአንድ በኩል ዕቃ ነው፤ የገዛው እንደ ወደደ ያደርገዋል። በሌላ በኩል ደራሲው ለሕዝብ የሚያደርገው ንግግር ነው፤ አሳታሚው ደግሞ በደራሲው ስም የሚናገር ቃል አቀባይ ነው። ያለ ፈቃድ የሚያትም ሰው ጥፋቱ ሳይላክ በሌላው ስም መናገሩ ነው። የጥበብ ሥራዎችን ግን ካንት ዕቃ ናቸው ይላል፤ በአግባቡ ያገኛቸው ሰው አስመስሎ ሠርቶ በራሱ ስም ሊሸጥ ይችላል። ሐሳቡን ወስዶ በራሱ ቋንቋ የሚጽፈውም በራሱ ስም ስለሚናገር አያጠፋም።

ካንት ስለ ኮምፒውተር ሊያስብ ባይችልም ክፍፍሉ ለስፔክትረም በልክ የተሠፋ ይመስላል። ዩኤልኤን ተረድቶ በሌላ ዕቃ መገንባት ዕቃን ማስመሰል ነው፤ የሠራው ሰው የድካሙ ባለቤት ነው፤ ሲንክሌርን የሚያስቀይም አንዳች አላደረገም። ሮሙ ንግግር ነው። ቪከርስ በሲንክሌር በኩል ለተጠቃሚው የጻፈው ቃል ነው፤ ካሴቱ በትክክል ሳይነበብ ሲቀር ለተጠቃሚው የሚነገረው መልእክት ሳይቀር የእርሱ ነው። ይህን ማባዛት ሳይላኩ መናገር ነው።

በዚህ ላይ የሚነሣው ጠንካራ ተቃውሞ አሜሪካ ውስጥ ፍርድ ቤት ቀርቧል። ፍራንክሊን የተባለው የኒው ጀርሲ ኩባንያ ኤስ 100 ብሎ የአፕል 2ን ቅጂ ሠራ፤ አፕል በ1982 ከሰሰው። የፍራንክሊን ፕሮግራሞች ሲመረመሩ የአፕል ፕሮግራመር የነበረው የጄምስ ሂዩስተን ስም በውስጣቸው ተገኘ፤ መቅዳቱም አልተካደም። ክርክሩ ሌላ ነበር፤ ለአፕል የተጻፉ ፕሮግራሞች እንዲሠሩ ከተፈለገ ሮሙ ያው መሆን አለበት፣ ስለዚህ ይህ ንግግር ሳይሆን የማሽን ክፍል ነው ተባለ። በስፔክትረም ላይም እንዲሁ ነው። ብዙ ፕሮግራሞች በሮሙ ውስጥ ወደ ተወሰኑ አድራሻዎች ዘልለው የቪከርስን ሥራ ይጠቀማሉ፤ አድራሻው ቢለወጥ ይወድቃሉ። በመጀመሪያ ንግግር የነበረው ለሌሎች መተላለፊያ መንገድ ሆኗል። የይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በኦገስት 30 ቀን 1983 ለአፕል ፈረደ፤ በቺፕ ውስጥ ያለ ፕሮግራምም የደራሲነት መብት አለው፣ ያንኑ ሥራ በሌላ አጻጻፍ መሥራት እስከተቻለ ድረስ መስማማትን መፈለግ የንግድ ጉዳይ ነው አለ። ይህ ፍርድ ትክክል መሆኑን የአይቢኤም ፒሲ ቅጂ ሠሪዎች በሥራ አሳዩ። አንድ ቡድን ፕሮግራሙ ምን እንደሚያደርግ ብቻ ጽፎ ያስረክባል፤ ዋናውን ጽሑፍ ዓይቶ የማያውቅ ሌላ ቡድን ከዚያ ተነሥቶ አዲስ ይጽፋል። አድካሚና ውድ መንገድ ነው፤ ግን ይቻላል፤ በራስ ስም መናገርም ይህ ነው።

የሶቭየት መሐንዲሶች በዚህ መለኪያ ይፈረድባቸዋል? የጊዜው ሁኔታ መታየት አለበት። የምዕራብ አገሮች ቴክኖሎጂ ወደ ምሥራቅ እንዳይሻገር የሚቆጣጠሩበት ሥርዓት ነበራቸው፤ ሩብልም በውጭ አገር የማይመነዘር ገንዘብ ነበር። ስፔክትረምን በአግባቡ ገዝቶ ለልጁ መስጠት ለአንድ የሌኒንግራድ ከተማ አባት የማይታሰብ ነበር። ሕጉም ዘግይቷል፤ በእንግሊዝ ራሷ ፕሮግራም በደራሲነት ሕግ ውስጥ በግልጽ የገባው በ1985 ነው፤ ሩሲያ ለፕሮግራሞች የተለየ ሕግ ያወጣችው በሴፕቴምበር 1992 ነው። ቶማስ አኩዊናስ በጽኑ ችግር የተያዘ ሰው ከሌላው ንብረት ለሕይወቱ የሚያስፈልገውን ቢወስድ ሌባ አይባልም ብሎ አስተምሯል። ኮምፒውተር እንጀራ ስላልሆነ ይህ ትምህርት በቀጥታ አይሠራም። በሌላ በኩል እንጀራ የተወሰደበት ይራባል፤ ሮሙ የተቀዳበት ግን ምንም አልጎደለበትም፤ ሲንክሌር በማይሸጥበት አገር ገበያውም አልተነካም። እነዚህ ሁሉ ጥፋቱን ያቀልላሉ፤ በሌኒንግራድ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ለልጁ ማሽን የበየደ አባትና ገበያ ለመሻማት የቀዳ የኒው ጀርሲ ኩባንያ በአንድ ሚዛን ሊቀመጡ አይገባም። ነገር ግን ማቅለል ማጥፋት አይደለም፤ የካንት ክርክር በጉዳት ላይ አልቆመምና። ከሲንክሌር ይልቅ በጣም የተጎዱት ከማሽኑ ጋር በካሴት እየተባዙ የተሸጡ ጨዋታዎች ደራሲዎች ናቸው፤ ብዙዎቹ ቤታቸው ተቀምጠው ለብቻቸው የሚጽፉ ወጣቶች ነበሩ።

ሲንክሌር በ1986 የኮምፒውተር ሥራውንና መብቱን ለአምስትራድ ኩባንያ በአምስት ሚሊዮን ፓውንድ ሸጠ። አምስትራድ በ1999 የስፔክትረም ሮሞች በኢሙሌተር፣ ማለትም አንዱን ኮምፒውተር በሌላው ላይ በሚያስመስል ፕሮግራም ውስጥ እንዲሰራጩ ፈቀደ። ካስቀመጣቸው ቅድመ ሁኔታዎች ዋናው የባለመብቱን ስም የሚገልጸው መልእክት እንዳይለወጥ ነበር። ገንዘብ አልጠየቀም፤ ቃሉ የማን እንደሆነ እንዲነገር ጠየቀ።

ዛሬ እነዚያ ኢሙሌተሮች ፔንታጎንን ከሲንክሌር ሞዴሎች ጎን ለጎን በዝርዝራቸው ያስቀምጣሉ። 71,680ው ምት እንደ 69,888ቱ ሁሉ በጥንቃቄ ይቀዳል፤ ለፔንታጎን የተሠሩት ሥራዎች ያለ እርሱ አይታዩምና። የዞኖቭ ሌኒንግራድም በጊዜው በብዙ እጆች ያለ ፈቃዱ ተባዝቷል። በካንት መለኪያ ቦርዱ ዕቃ ስለሆነ ያባዙት ሰዎች እርሱ በሲንክሌር ዩኤልኤ ላይ ካደረገው የከፋ አላደረጉም፤ የእርሱን ሥራ የራሳቸው ንድፍ ነው ብለው የሸጡ ካሉ ግን ስሙን የፋቀ ቅጂ ሠሪ በቪከርስ ላይ ያደረገውን በእርሱ ላይ አድርገዋል።